አንበሳ የሌለበት ዳንኤል

ወንድሞችና እኅቶች፣ ዋሽንግተን ያላችሁ አንድ ቀን ናሽናል ጋለሪ ጎራ በሉ። መግቢያው ነፃ ነው። የፍላንደርሱ ሠዓሊ ሩበንስ እንደ ፈረንጆቹ ከ1614 እስከ 1616 ገደማ የሣለው «ዳንኤል በአንበሶች ጉድጓድ» እዚያ አለ። ወርዱ ከሦስት ሜትር ይበልጣል። አንዱ አንበሳ አፉን በልቅጦ ያገሣል፤ መሬቱ ላይ የሰው አጥንት ተበትኗል።

እኔን የያዘኝ ግን ንድፉ ነው። ኒውዮርክ፣ ሞርጋን ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። ሩበንስ ቀለም ከማንሣቱ በፊት አንድ ወጣት ፊቱ አስቀምጦ በጥቁር ጠመኔ ነደፈው፤ ብርሃን የሚያርፍበትን በነጭ ነካ ነካ አደረገ። ልጁ እግሩን አጣምሮ ተቀምጧል። ጣቶቹ ተቆላልፈዋል፣ ፊቱ ወደ ላይ ነው። አንበሳ የለም። አጥንት የለም። ጉድጓዱም የለም። የሚጸልይ ሰው ብቻ።

በነገራችን ላይ፣ ሩበንስ ዳንኤልን ጎረምሳ ማድረጉ አልተመቸኝም። ነቢዩ ወደ ባቢሎን የተማረከው በናቡከደነፆር ጊዜ፣ ገና ብላቴና ሳለ ነው። በዳርዮስ ዘመን ሽማግሌ ነበር። የታሪኩ ጉልበት ደግሞ እዚህ ላይ ነው። ከንጉሡ በቀር ማንንም የለመነ ለአንበሶች ይጣል የሚለው አዋጅ ሲወጣ ምን አደረገ? ቤቱ ገባ፤ ወደ ኢየሩሳሌም በተከፈተው መስኮት ፊት ተንበርክኮ በቀን ሦስት ጊዜ ጸለየ። ምዕራፍ 6 ቁጥር 10 ላይ አንዲት ሐረግ አለች፦ «ቀድሞም ያደርግ እንደ ነበረ»። ለአዋጁ ብሎ ሱባኤ አልገባም። ጉድጓድ ውስጥ የተቆላለፉት ጣቶች እዚያ መስኮት ሥር ስንት ዓመት ተቆላልፈዋል!

እኔስ? የመኖሪያ ፈቃድ ቀጠሮዬ ሲቃረብ ሌሊት እየተነሣሁ ዳዊት ደገምኩ፣ ስለት ተሳልኩ። ወረቀቱ እጄ ገባ። በሳምንቱ ዳዊቱ መደርደሪያ ላይ ወጣ። ንድፍ ሳይኖረኝ ቀለም ይዤ ሸራ ፊት የምቆም ሰው ነኝ።

ሩበንስ በ1618 ሥዕሉን ለእንግሊዙ አምባሳደር ለሰር ደድሊ ካርልተን ሲያቀርብ፣ አንበሶቹ ከሕያው አንበሳ የተሣሉ መሆናቸውን፣ ሥራውም ሙሉ በሙሉ የገዛ እጁ መሆኑን ጻፈለት። 600 ጊልደርም ተመነለት። ስለ ጠመኔው ወረቀት ግን ትንፍሽ አላለም። የመስኮቱም ጸሎት እንዲሁ ነው፤ ዋጋ የሚያወጣለት የለም።

አሁን ስልኬ በቀን ሦስት ጊዜ ይጮኻል። ትናንት የቀትሩ የሥራ ቦታዬ ፓርኪንግ ውስጥ አገኘኝ። ሞተሩን አጥፍቼ አንድ አባታችን ሆይ ደገምኩ። የሚያስጨንቀኝ ነገር አልነበረም።