የቦርድ አባል ምን ያዝዛል?

«ቦርድ ውስጥ ብገባ ዊኪፔዲያ ላይ የጻፍሁትን ማንም አይሰርዝብኝም?» ሲል አንድ የደሴ ወጣት ጠየቀኝ። ይሰረዝበታል። ዊኪፔዲያን የሚያስተዳድረው፣ በ2003 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የዊኪሚዲያ ፋውንዴሽን ቦርድ እንኳ በጀትና ስትራቴጂ ያጸድቃል፣ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ይሾማል እንጂ ጽሑፉን የሚጽፉትና የሚያርሙት በጎ ፈቃደኞች ናቸው።

የወሎን ቅሬ፣ ማለትም በሌላው አካባቢ እድር የሚባለውን፣ ለሚያውቅ ነገሩ ቅርብ ነው። የቅሬው ዳኛ መዋጮው በወቅቱ መግባቱን፣ ድንኳኑ ለለቅሶው መድረሱን ይቆጣጠራል፤ ሙሾውን ግን አልቃሿ ታወርደዋለች፣ እሱ አይመርጥላትም።

አገር ውስጥ ድርጅት ለማቋቋም ስታስቡ ደግሞ በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የሚምታቱ ሁለት ቃላት አሉ። በ«ማኅበር» የበላዩ አካል የአባላቱ ጠቅላላ ጉባኤ ነው፤ በ«ቦርድ መር ድርጅት» ግን የበላዩ ራሱ ቦርዱ ነው። ልዩነቱ ቀላል አይደለም፤ በሁለተኛው ገንዘቡ ቢባክን «ጉባኤው ያየዋል» ብሎ የሚያሳልፉት ነገር የለም።

መጻፍ የሚወዱ ጎበዞች ቦርድ ገብተው በቃለ ጉባኤና በኦዲት ሪፖርት ክምር መካከል ሲቀዘቅዙ አይቼ አዝኛለሁ። እሺ ከማለታችሁ በፊት መተዳደሪያ ደንቡን ጠይቁ፤ የሥራ ዘመኑንና የጥቅም ግጭት የሚለውን አንቀጽ ሁለት ጊዜ አንብቡ።