የባሕር በረዶ ምንድን ነው?

የክረምቱ ዝናብ ሲበረታ አቃቂ ድልድይ ላይ ቆሞ ቁልቁል ያየ ሰው፣ ወንዙ ውኃ ሳይሆን ፌስታል የሚነዳ ይመስለዋል። ጎርፉ ሲጎድል ደግሞ በዳርቻው ያሉት የጎመንና የሰላጣ ማሳዎች አጥር በተቀዳደደ ፌስታል ተሸልሞ ይቀራል። «ይህ ሁሉ መጨረሻው ባሕር ነው» የሚል አይጠፋም። አይደለም። አቃቂ ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ይወርዳል፤ አዋሽም ባሕር ሳያይ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል።

የቃሊቲ የጭነት መኪኖች የሚተፉት ጭስ ግን ባሕር ለመድረስ ወንዝ አያሻውም። የሰው ልጅ ወደ አየር ከሚለቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሩብ ያህሉን የሚውጠው ውቅያኖስ ነው። ካርቦንን ከላይኛው ውኃ ወደ ጥልቁ ከሚያወርዱት መንገዶች አንዱ ደግሞ የባሕር በረዶ ይባላል።

ቅዝቃዜ የለበትም። ፀሐይ በሚደርስበት የባሕር ገጽ ላይ በዓይን የማይታዩ አልጌዎች (እንደ ዕፅዋት በፀሐይ ብርሃን የሚያድጉ ጥቃቅን ፍጥረታት) ካርቦኑን ተጠቅመው ያድጋሉ፤ ጥቃቅን እንስሳት ይበሏቸዋል። የሞተው አካል፣ ኩሱና ዝልግልጉ እንደ ተነከረ ተልባ እየተጣበቀ፣ ነጫጭ ብናኝ ሆኖ ሌት ተቀን ይዘንባል። ብርሃን በማይደርስበት ጥልቅ የሚኖሩ ፍጥረታት አብዛኞቹ በዚህ ፍርፋሪ ነው የሚያድሩት። ብዙው መንገድ ላይ ይበላና ካርቦኑ ውኃው ውስጥ ተመልሶ ይሟሟል፤ ከ1,000 ሜትር ያለፈው ግን ለመቶ ዓመታትና ከዚያም በላይ ወደ አየር ሳይመለስ ሊቆይ ይችላል።

ፕላስቲክ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ከ5 ሚሊሜትር ያነሱ ስብርባሪዎች ዝልግልጉ ላይ ተጣብቀው አብረው ይወርዳሉ፤ መንሳፈፍ የነበረበት ቀላል ፕላስቲክ ታች የሚገኘው በከፊል በዚህ ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 በፓስፊክ ውቅያኖስ ካለው ከማሪያና ስምጥ፣ ከ6,000 ሜትር በታች ለተገኘ የሽሪምፕ ዘመድ «ኢዩሪቴነስ ፕላስቲከስ» የሚል ስም ወጣለት። ሆዱ ውስጥ የውኃ ጠርሙስ ከሚሠራበት ፕላስቲክ ጋር የሚመሳሰል ክር ተገኝቶበታል። ስም አወጣጡ ምርር ያለ ቀልድ ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሌላው ወገን ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመ የላቦራቶሪ ጥናት ጥቃቅን የባሕር እንስሳት የፕላስቲክ ቅንጣት ሲመገቡ፣ ኩሳቸው ከሁለት እጥፍ በላይ ቀስ ብሎ ሰመጠ። የዘገየ ኩስ መንገድ ላይ የመበላት ዕድሉ ሰፊ ነው፤ ካርቦኑም ጥልቁ ሳይደርስ ይቀራል። ባሕር ላቦራቶሪ ባይሆንም፣ ጉዳዩ ችላ የሚባል አይደለም።

ይህን ዝናብ በሰው እጅ ለማብዛት የታሰበውም ቆይቷል። የውቅያኖስ ተመራማሪው ጆን ማርቲን እ.ኤ.አ. በ1988 «የግማሽ መርከብ ጭነት ብረት ስጡኝ፣ የበረዶ ዘመን እሰጣችኋለሁ» ብሎ ነበር፤ ብረት ለአልጌ እንደ ማዳበሪያ ነውና፣ አልጌው በዝቶ ካርቦኑን ከአየር ሲቀንስ ምድር ትቀዘቅዛለች ማለቱ ነው። የሰመጠውን ካርቦን በቶን ቆጥረው፣ ጭስ ለሚለቁ ድርጅቶች የልቀታቸው ማካካሻ አድርገው ሊሸጡ ያሰቡም አልጠፉም። እኔ ብሆን ከእነሱ አልገዛም። እ.ኤ.አ. በ2004 በደቡባዊ ውቅያኖስ ብረት ሲበተን፣ ካበበው አልጌ ከግማሽ የማያንሰው ከ1,000 ሜትር በታች ሰምጧል። እ.ኤ.አ. በ2009 እዚያው ውቅያኖስ ላይ ሲደገም ግን አልጌው አበበ፣ ጥቃቅኖቹ እንስሳት በሉት፤ ወደ ታች የወረደው ጥቂት ነበር።