ኮምቡዋ በግራ ብትታይም ቀድማ አትጻፍም

ዱባይ ማተሚያ ቤት ውስጥ ነው የምሠራው። ከደንበኞቻችን ብዙዎቹ ስሪላንካውያን ናቸው። ሜኑ፣ የሠርግ ካርድና ባነር በሲንሃላ ያሠራሉ። አዲስ ዲዛይነር በመጣ ቁጥር ያንኑ ስህተት ይዞ ይመጣል። ስናገር ስለሰለቸኝ ጻፍኩት።

"በግራ የሚታየው ምልክት መጀመሪያ ይጻፋል"

አይጻፍም! ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ሲንሃላ ኮምቡዋ የምትባል የ"ኤ" ምልክት አለችው። "ጋ" ላይ ስትጨመር "ጌ" ይሆናል። ዓይን የሚያያት ከፊደሉ በስተግራ ነው። ዩኒኮድ (ለየፊደሉ ቁጥር የሚሰጠው የኮምፒውተር ሥርዓት) ግን የሚከተለው የድምፁን ቅደም ተከተል ነው። በፋይሉ ውስጥ መጀመሪያ "ጋ" (ቁጥር 3484)፣ ቀጥሎ ኮምቡዋ (ቁጥር 3545) ይቀመጣሉ። ወደ ግራ የሚያሻግራት ፎንቱና ጽሑፉን የሚደረድረው ሶፍትዌር ነው።

አንድ ልጅ የምግብ ቤት ሜኑ ሠራ። ርዕሱ "ጌደራ ኬማ" ነው፤ የቤት ምግብ ማለት ነው። የሠራበት ፕሮግራም ፊደሉን በትክክል አይደረድርም ነበርና ኮምቡዋ በቀኝ በኩል ታየችው። ቆረጠና በግራ ለጠፋት። ሲታተም አምሮ ወጣ። በኋላ ደንበኛው ጽሑፉን ለፌስቡክ ፈልጎ ወሰደው። ስልኩ ላይ ሲከፍተው ኮምቡዋ ፊደል ላጣ ምልክት ከሚወጣው ነጠብጣብ ክብ ጋር ለብቻዋ ቆማለች። ሰውየው ተናደደ፤ እውነቱን ነው።

በቃል መሀል ሲሆን ደግሞ ይብሳል። "ማጌ" ማለት "የኔ" ማለት ነው። ረጅሟን ኮምቡዋ (የረጅሙን "ኤ" ምልክት) ከ"ጋ" በፊት ካስቀመጣችኋት ከ"ማ" ጋር ትጣበቅና "ሜጋ" ተብሎ ይነበባል። ክቡም ስለማይመጣ ሲንሃላ የማያነብ ሰው ስህተቱን አያየውም።

የታይላንድን ፊደል የሚያውቅ ሰው ይከራከረኝ ይሆናል። በታይ በግራ የሚታዩት አናባቢዎች በእርግጥም ቀድመው ይቀመጣሉ። የሲንሃላ ሕግ ግን ሌላ ነው።

"እንደኛ ፊደል ነው"

ሲንሃላም የኛም ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገቡት በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው ስሪት 3.0 ነው። አመሳጠራቸው ግን ይለያያል። የኛ "ለ" 4616፣ "ሌ" ደግሞ 4620 ነው፤ እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር አለው። ሲንሃላ ተነባቢውንና የአናባቢ ምልክቱን ለየብቻ ነው የሚያስቀምጠው። ሀበሻ ዲዛይነሮች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ይመስለኛል። እኔም ስጀምር እንደዚያው ነበርኩ።

"ታሚልና ሲንሃላ አንድ ፊደል ናቸው"

አይደሉም። ታሚል ሌላ የስሪላንካ ቋንቋ ነው፤ የራሱ ፊደል አለው።

"ዓይን ላይ አንድ ከሆነ አንድ ነው"

የ"ኦ" ምልክት በሁለት መንገድ ይጻፋል። ወይ በአንድ ቁጥር፣ 3548። ወይ ኮምቡዋ (3545) ተጽፋ ኤላፒላ የምትባለው የረጅም "አ" ምልክት (3535) ትከተላታለች። በዩኒኮድ ሕግ ሁለቱ እኩል ናቸው። ቁጥሩን ብቻ የሚያወዳድር ፕሮግራም ግን እኩል አይላቸውም፤ ስም ትፈልጋላችሁ፣ "የለም" ይላችኋል። መፍትሔው ጽሑፉን መጀመሪያ ወደ ኤንኤፍሲ (እኩል የሆኑ አጻጻፎችን ወደ አንድ የሚያመጣ የዩኒኮድ ቅርፅ) መቀየር ነው።

"አይ" ላይ ግን ይህ አይሠራም። ምልክቷ ሁለት ኮምቡዋ ትመስላለች፤ የራሷ ቁጥር 3547 ነው። ኮምቡዋን ሁለቴ ብትጽፉ ኤንኤፍሲ አያድናችሁም።

"ፎንት ብትቀይር ይስተካከላል"

ቅደም ተከተሉ ከተበላሸ አይስተካከልም። ብዙዎቹ የድሮ የሲንሃላ ፎንቶች ደግሞ የእንግሊዝኛ ፊደል ቁጥር ላይ የሲንሃላ ቅርፅ የተሣለባቸው ናቸው። እነሱ ላይ ኮምቡዋ እንደ ታይፕራይተር ቀድማ ነው የምትመታው። እንዲህ ያለ ፋይል ሲመጣ በመቀየሪያ ወደ ዩኒኮድ አዙሩት፤ ከዚያ ሲንሃላ የሚያነብ ሰው ያየው።

ከማተማችሁ በፊት ይህን ሞክሩ። ጽሑፉን ስልክ ላይ ለጥፉ። ጠቋሚውን ከ"ጌ" ቀጥሎ አድርጉና ባክስፔስ አንዴ ንኩ። ብዙ ፕሮግራሞች ላይ በትክክል የተጻፈ ከሆነ በግራ ያለችው ኮምቡዋ ትጠፋለች፣ "ጋ" ይቀራል። "ጋ" ከጠፋና ኮምቡዋ ከቀረች ግን አንድ ሰው በእጁ አንቀሳቅሷታል።