ጠበል የጀመረ ሰው ክኒኑን ያቆማል?

ሐዋሳ ገብርኤል የታኅሣሥ 19 ንግሥ ሲደርስ ይህ ክርክር ደጋግሞ ይነሳል። «ከተጠመቅሽ ክኒኑ ለምን? እምነትሽ ጎደለ?» የሚል አይጠፋም።

አያቆምም። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ክኒን አቁሙ የሚል ሥርዓት የላትም። ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ ጠበልና የኤችአይቪ መድኃኒት አብረው መወሰድ እንደሚችሉ በይፋ ተናግረዋል። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38ም እግዚአብሔር መድኃኒትን ከምድር እንደፈጠረ ይናገራል፤ ሐኪምን አክብር ይላል። ከዚህ በላይ ምን ይባላል?

ሰውን በእውነት ግራ የሚያጋባው ሰዓቱ ነው። ጠበል በባዶ ሆድ ይጠጣል። አንዳንዱ ክኒን ደግሞ ምግብ ይፈልጋል። ጠበሉን በማለዳ ጠጥቶ፣ ቁርስ ቀማምሶ ክኒኑን መዋጥ ነው፤ ስለ ሰዓቱ ሐኪሙን ማማከር አይከፋም። ጾሙ ከከበደ ንስሐ አባትን ማነጋገር ነው፤ ለታመመ ሰው ይቀልላል።

የቲቢ ነገር ግን ቀልድ አያውቅም። የተለመደው ሕክምና 6 ወር ይፈጃል፤ ሳሉ ግን ቀድሞ ይተዋል። ያኔ ክኒኑን ካቆሙ በሽታው መድኃኒቱን ሊላመድ ይችላል። ፓስተር ጸልዮለት «ተፈውሻለሁ» የሚለውም ያው ነው፤ በቀጠሮው ሄዶ አክታውን ያስመርምር፣ ማቆሙን ሐኪሙ ይንገረው።