ፕሮጀክተር «ደከመ» ሲባል ምን ማለት ነው?

ባለፈው እሁድ የእህቴን ልጅ ይዤ እዚህ ድሬዳዋ፣ ከዚራ አካባቢ ወዳለ አንድ መዝናኛ ቤት ሄድኩ። ስሙን አልጠራም። ባለቤቱ ጓደኛዬ ነው፣ ነገሩም የሱ ቤት ችግር ብቻ አይደለም። ወንበሩ የሚንጥ፣ ፊት ላይ ውሃ የሚረጭ፣ በመነጽር የሚታይ «ፋይቭ ዲ» የሚሉት ሲኒማ አለ አይደል? እሱ ነው። (በነገራችን ላይ የፊልሙ ዲ ሦስት ብቻ ነው። ሌላው የሚቆጠረው በወንበሩ፣ በንፋሱና በውሃው ነው። ነገ አንዱ ፈንዲሻ ጨምሮ «ቴን ዲ» ቢለው አይገርመኝም።)

አዲስ በተከፈተ ሰሞን ገብቼ ነበር። ባቡሩ ገደል ሲወርድ ሆዴ አፌ ድረስ መጥቷል፣ አላጋንንም። ዘንድሮም ያው ባቡር ነው፣ ያው ገደል፣ ያው ወንበር። ልጁ ግን መሃል ላይ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋ አድርጎ «አጎቴ፣ እዚያ መሽቷል እንዴ?» አለኝ። አልመሸም። ፊልሙ ላይ ጠራራ ፀሐይ ነው።

ስንወጣ በር ላይ ያለውን ልጅ ጠየቅኩት። «አቦ፣ ፕሮጀክተሩ ትንሽ ደክሟል» አለኝ። ሁላችንም እንዲህ እንላለን። ባትሪ ይደክማል፣ ሞተር ይደክማል፣ ፕሮጀክተርም ይደክማል። ግን ምኑ ነው የሚደክመው?

ፊልሙ አይደለም። የዛሬ ፊልም ፋይል ነው፣ ሺህ ጊዜ ቢታይ አንድ ነጥብ አይጎድልበትም። የሚጎድለው ብርሃኑ ነው። ብርሃን ከአምፖሉ ተነስቶ ዓይናችሁ እስኪደርስ ድረስ ብዙ ኬላ ያልፋል። የድሬ ሰው ኬላ ምን እንደሆነ አይነገረውም። ከጅቡቲ ድንበር፣ ከደወሌ ሙሉ ሆኖ የተነሳ ጭነት እዚህ ትንሽ፣ እዚያ ትንሽ እየተቀነሰ ከተማ ሲገባ ስንቱ ይቀራል? ብርሃንም እንደዚያው ነው።

የመጀመሪያው ኬላ አምፖሉ ራሱ ነው። ሰፈር ውስጥ የምናያቸው አብዛኞቹ ፕሮጀክተሮች በሜርኩሪ ትነት የሚሠራ ትንሽ አምፖል አላቸው። ካርቶኑ ላይ ዕድሜው ከ2,000 እስከ 5,000 ሰዓት ተብሎ ይጻፋል። ብዙ ሰው ይሄን ሲያነብ «እስከዚያ ድረስ ይሠራል፣ ከዚያ ይቃጠላል» ብሎ ይረዳዋል። እንደዚያ አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ቁጥሩ የሚነግራችሁ ብርሃኑ ግማሽ የሚሆንበትን ሰዓት ነው። ማለትም አምፖሉ ከመሞቱ ብዙ በፊት ግማሹ ሄዷል። በቀን 10 ሰዓት የሚሠራ ቤት የ3,000 ሰዓት አምፖል ቢገዛ በ300 ቀን እዚያ ይደርሳል። ዓመት እንኳን አይሞላም! ትልልቅ ሲኒማ ቤቶች የሚጠቀሙበት የዜኖን አምፖልም ያው ነው። ውስጡ ያለው ብረት በሙቀቱ እየተነነ ብርጭቆው ላይ ይለጠፋል፣ ልክ የፋኖስ ብርጭቆ ጥላሸት እንደሚይዘው። ሌዘር የተሻለ ነው፣ 20,000 ሰዓት ድረስ ይሄዳል፣ ግን እሱም ቢሆን የሚቆጠርለት እስከ ግማሽ ነው።

ሁለተኛው ኬላ አቧራ ነው። እዚህ ላይ ድሬ ከማንም ትበልጣለች። የደቻቱ ወንዝ ደርቆ ንፋስ ሲነሳ አሸዋው የት እንደሚገባ እናውቃለን፤ ጥርሳችን ውስጥ እንኳን ይገባል። ፕሮጀክተር ደግሞ ራሱን የሚያበርደው አየር በመሳብ ነው። ጓደኛዬን ደውዬ «ማጣሪያውን ከፍተህ አይተኸው ታውቃለህ?» አልኩት። «የቱን ማጣሪያ?» አለኝ። በቃ፣ መልሱን አገኘሁ።

ማግስቱን ጠዋት ባለሙያ ጠርቶ ከፈቱት፣ እኔም ቆሜ አየሁ። የመዳፍ ስፋት ያለው ስፖንጅ ነው። አዲስ ሲሆን ጥቁር ነው ይባላል፣ ይሄ ግን ቀለሙ የደቻቱ ቀለም ሆኗል። ባለሙያው በጥፍሩ ጫፉን ይዞ ሲስበው አቧራው እንደ ብርድ ልብስ ሳይፈርስ ሙሉውን ተላጠ። ማሽኑ በዚያ በኩል ነው ሲተነፍስ የከረመው። መተንፈስ ሲያቅተው ይግላል። ሲግል አንዳንዱ ሞዴል ራሱን ለማዳን የአምፖሉን ኃይል በራሱ ይቀንሳል፣ ያላወቀ ሰው ደግሞ ስክሪኑን ይወቅሳል። ሙቀቱ አምፖሉንም ያስረጀዋል። በውስጥ ያሉትን ብርሃን የሚያጣሩ ስስ ሽፋኖችም ያቃጥላል፤ ምስሉ ጥግ ላይ ቢጫ እድፍ መሰል ነገር ካያችሁ ብዙ ጊዜ እሱ ነው።

መብራት መሄዱስ? ይሄ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ፕሮጀክተር በሪሞት ሲጠፋ ማራገቢያው አንድ ሁለት ደቂቃ መዞሩን ይቀጥላል፣ አምፖሉ ቀስ ብሎ እንዲበርድ። መብራት ድንገት ሲሄድ ግን ማራገቢያውም አብሮ ቀጥ ይላል። የጋለው አምፖል እንደጋለ ይቀራል። በግንቦት ሙቀት እንዲህ በሳምንት ሦስት አራት ጊዜ ሲደጋገም አስቡት። ትንሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ለጥቂት ደቂቃ የሚያቆይ ባትሪ) አምፖሉን ታድነው ነበር፣ ግን ማን ያስባል? እኛ ዩፒኤስ የምንገዛው ለኮምፒውተር ነው።

ሌሎቹን ኬላዎች ቶሎ ልለፋቸው። ሌንሱ ላይ የጣት አሻራ። ስክሪኑ ላይ ዓመታት የቆየ አቧራና ያ የሚረጨው ውሃ የተወው ነጠብጣብ። «ኢኮ» የሚባለው ቁጠባ፣ አንዱ አምፖል ለማትረፍ አብርቶት የረሳው። ከሁሉ የከፋው ግን መነጽሩ ነው። ባለ ሦስት ዲ ምስል ለሁለቱ ዓይኖች የተለያየ ነገር ማሳየት ስላለበት ብርሃኑን ይከፋፍለዋል፣ ከዚያ መነጽሩ ደግሞ ይወስዳል። ለማነጻጸር ያህል፣ የሲኒማ ደረጃው ለተራ ዲጂታል ፊልም በካሬ ሜትር 48 ካንዴላ (የብርሃን መለኪያ) ነው፤ ለባለ ሦስት ዲ የሚጠበቀው የዚያ አንድ ሦስተኛ ገደማ ብቻ ነው። አዲስ ማሽን እንኳን በመነጽር ሲታይ በአንድ ሦስተኛ ነው የሚጀምረው ማለት ነው። በዚያ ላይ መነጽሩ በሸሚዝ ጫፍ ሲጠራረግ የከረመና የተጫጫረ ከሆነ...

አሁን ደምሩት። ይቅርታ፣ አይደመርም፣ ይባዛል። ለምሳሌ አዲሱ ብርሃን 100 ነበር እንበል። አምፖሉ ግማሹን በላ፣ 50። ቆሻሻው አንድ አምስተኛውን ወሰደ፣ 40። መነጽሩ ከዚያ አንድ ሦስተኛውን ብቻ አሳለፈ፣ 13። ልጁ መሸ ቢል ምን ያስገርማል?

የሚያስገርመው ቤቱ ውስጥ በየቀኑ የሚውሉት ሰዎች አለማየታቸው ነው። ጓደኛዬ ውሸታም አይደለም፣ «ያው እንደ ድሮው ነው» ሲለኝ አምኖበት ነው። ዓይን ብርሃንን እንደ ሚዛን አይመዝንም። ብርሃኑ በግማሽ ቢቀንስ «ትንሽ ፈዘዝ አለ» ብቻ ነው የሚለን። ያ ግማሽ ደግሞ በአንድ ቀን አይሄድም፣ በዓመት ውስጥ እየተንጠባጠበ ነው። እናት ልጇ ማደጉን የምታየው በልብሱ እንጂ በፊቱ አይደለም፤ በዓመት አንዴ የሚመጣ ዘመድ ግን ገና በር ላይ «ኧረ እንዴት አደገ!» ይላል። እኔ ያ ዘመድ ነበርኩ።

ደግሞ ይሄ የእኛ ሰፈር ጉድ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ዓለም ላይ አሉ የሚባሉት የመዝናኛ ፓርኮችም ከዚሁ ጋር ሲታገሉ ነው የኖሩት፣ የእነሱ ጠላት ግን ለረጅም ጊዜ የተለየ ነበር። እነሱ ጋ የሚደክመው ራሱ ፊልሙ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1987 በካሊፎርኒያ ዲዝኒላንድ የተከፈተው «ስታር ቱርስ» ጎብኚዎችን የምትናጥ ክፍል ውስጥ አስቀምጦ ፊት ለፊታቸው 70 ሚሊ ሜትር ፊልም ያሳይ ነበር። በ2001 እዚያው ካሊፎርኒያ የተከፈተው «ሶሪን» ደግሞ ሰውን ከነወንበሩ ወደ ላይ አንስቶ ግዙፍ ጎድጓዳ ስክሪን ፊት ያንሳፍፈዋል። የሚያሳየው የአይማክስ ፊልም (ለግዙፍ ስክሪን የሚሠራ ትልቅ ፊልም) በሰከንድ 48 ምስል የሚሮጥ ነበር፤ ተራ ሲኒማ 24 ነው።

እስቲ እናስላው። የአይማክስ አንዱ ምስል ከ7 ሴንቲ ሜትር ትንሽ ይረዝማል። በሰከንድ 48 ሲሆን በደቂቃ 200 ሜትር ያልፋል። ጉዞው 5 ደቂቃ ገደማ ስለሆነ አንዱ ዙር 1 ኪሎ ሜትር ፊልም ነው። በቀን 100 ጊዜ ቢታይ 100 ኪሎ ሜትር፣ ከድሬ ሐረር ደርሶ ለመመለስ ጥቂት የሚቀረው መንገድ፣ በየቀኑ በአንድ ማሽን ጥርስና ብርሃን ስር ይሮጣል። ተራ ሲኒማ ቤት አንድን ፊልም በቀን አራት አምስት ጊዜ አሳይቶ በጥቂት ሳምንት ይመልስ ነበር። የፓርኩ ግን ጠዋት ማታ ያው ፊልም ነበር። ቅጂው ይቀየር ነበር፣ ግን በሁለት ቅያሪ መሃል የገባ ሰው ጭረቱን ያየው ነበር።

አባቴ ድሮ ክፍለ ሀገር ሲኒማ ቤት ስለሚመጣው ፊልም ሲያወራ «ይዘንብበት ነበር» ይላል። አዲስ አበባ ታይቶ፣ ተጎትቶ፣ ተጫጭሮ የመጣ ቅጂ ማለቱ ነው። ዝናቡ ጭረት ነው። ጀርባው የተጫረ ፊልም ጥቁር መስመር ያሳያል፣ ቀለም ያለበት ፊቱ ከተጫረ ግን መስመሩ አረንጓዴ ይሆናል፣ ጭረቱ ጠልቆ ቀለሙን በሙሉ ካነሳው ደግሞ ነጭ። አረንጓዴ የሚሆነው የላይኛው ንብርብር ቀይ ሐምራዊ ስለሆነ ነው፤ እሱ ሲላጥ የቀሩት ሁለቱ፣ ሰማያዊና ቢጫው፣ አረንጓዴ ይሰጣሉ። ለአባቴ ስነግረው «ታዲያ እኔ አረንጓዴ ዝናብ ነበር ስላችሁ ትስቁብኝ አልነበር?» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ስቀናል።

ለዚህ ነው ፓርኮቹ አንድ በአንድ ወደ ዲጂታል የዞሩት። «ስታር ቱርስ» በ2011 በዲጂታል ባለ ሦስት ዲ ተተካ፣ «ሶሪን» ደግሞ በ2016 በሌዘር ፕሮጀክተር የሚታይ አዲስ ፊልም አገኘ። ዝናቡ ቆመ። የብርሃኑ ነገር ግን ሌዘሩንም ተከትሎት ይሄዳል።

ሌላ ቦታ ምስል ቢፈዝ ምን ችግር አለው? ቤታችን ደብዛዛ ቴሌቪዥን እያየን ኳስ እንጮህበታለን። የእነዚህ ወንበሮች ነገር ግን ሌላ ነው። ጨዋታው በሙሉ ማታለል ነው። ወንበሩ የሚንቀሳቀሰው ጥቂት ሴንቲ ሜትር ነው፣ ገደል የሚያደርገው ዓይናችን ነው። ዓይን «እየወደቅን ነው» ሲል በጆሯችን ውስጥ ያለው የሚዛን አካል ያችን ትንሽ ንቅናቄ ይዞ «አዎ» ይላል፣ ሆድም ያምናል። ምስሉ ሲፈዝ ዓይን ዝርዝሩን ያጣል፣ ቀለሙ ይሞታል። ከዚያ የሚቀረው ወንበሩ ብቻ ነው። ሲንጥ ይሰማችኋል፣ ሞተሩ ሲያቃስት ይሰማችኋል፣ ከጎን ያለው ሰውዬ የሚያኝከው ነገር ሳይቀር ይሰማችኋል። ባቡር ላይ መሆናችሁ ቀርቶ መጥፎ መንገድ ላይ ባጃጅ ውስጥ ትሆናላችሁ።

የጓደኛዬ ነገር እንዲህ ተያዘ። ማጣሪያውን ፊት ለፊት ያለው ጎሚስታ ጋ ወስደን በኮምፕረሰር አስነፋነው፣ ሰፈሩ ለአንድ ደቂቃ ጠፋ። (ማጣሪያውን ነው ያልኩት! ማሽኑን ኮምፕረሰር ፊት እንዳታቀርቡት፣ አቧራውን ወደ ውስጥ ይገፋዋል፣ ማራገቢያውንም ይሰብረዋል።) ሌንሱ በለስላሳ ጨርቅ ተጠረገ። ኢኮው ጠፋ። ባለሙያው ሜኑው ውስጥ ገብቶ የአምፖሉን ሰዓት ሲያሳየን ግን ዝም ተባባልን። የ3,000 ሰዓት አምፖል ነው፣ 4,300 አልፏል። ታይዋን ገበያ ዞረን ልኩን አጣን። ከአዲስ አበባ ታዟል።

ቅዳሜ ልጁን ይዤ ተመለስኩ። ባቡሩ ገደሉ ጫፍ ላይ ሲደርስ ጠጋ ብዬ «አሁንስ መሽቷል?» አልኩት። መነጽሩን ሳያወልቅ ትንሽ አሰበና «አስራ አንድ ሰዓት አካባቢ ነው» አለኝ።