ድሬሲንግና ስተፊንግ፦ የታንክስጊቪንግ የዳቦ ሙሌት በአሜሪካ ቤተሰቦች

ስተፊንግ ወይም ድሬሲንግ አሜሪካውያን በታንክስጊቪንግ (የምስጋና ቀን) ከተርኪ (ከዶሮ የሚተልቅ የቤት ወፍ) ጋር የሚያቀርቡት ምግብ ነው። የደረቀ ዳቦ በቅቤ ከበሰለ ሽንኩርትና ሴለሪ ጋር ተደባልቆ፣ በሴጅ (ሽታው የሚበረታ የቅመም ቅጠል) እና በጦስኝ ተቀምሞ፣ በመረቅ ርሶ ይጋገራል። ተርኪው ሆድ ውስጥ ገብቶ አብሮ የሚበስልበት ቤት አለ፣ ለብቻው በትሪ የሚጋገርበትም አለ። ሰሜን ምሥራቁ ሁለቱንም ስተፊንግ ይላል፣ ደቡቡ ሁለቱንም ድሬሲንግ፣ የፔንሲልቬኒያ ደች ማኅበረሰብ (የጀርመንኛ ተናጋሪ ሰፋሪዎች ዘሮች) ደግሞ ፊሊንግ። እዚህ በሆድ ውስጥ የሚበስለው ስተፊንግ፣ በትሪ የሚጋገረው ድሬሲንግ ተብሏል።

ተርኪው ከቤት ቤት ብዙም አይለያይም። ቤተሰቡ ከየት እንደመጣ የሚታወቀው በድሬሲንጉ ነው። ሁለት ቤተሰብ በጋብቻ ሲገናኝ የማን እናት አሠራር ይቅረብ የሚል ክርክር መነሳቱ የተለመደ ነው፤ ብዙዎች ሁለት ትሪ በመጋገር ይገላገላሉ።

ታሪክ

የእንስሳ ሆድ ሞልቶ መጥበስ ከአሜሪካ በብዙ ይቀድማል። በአፒሲየስ ስም በሚታወቀው የሮማውያን የምግብ አሠራር ስብስብ ውስጥ የተሞላ ዶሮም የተሞላ ጥንቸልም አለ። በ1621 እንግሊዛውያን ሰፋሪዎች በፕሊመዝ (ማሳቹሴትስ) ስላደረጉት የመከር ድግስ ከእነሱ አንዱ የሆነው ኤድዋርድ ዊንስሎው የጻፈው ደብዳቤ ስለታደኑ ወፎችና ስለ አምስት አጋዘኖች ይናገራል እንጂ ስለተሞላ ተርኪ አያነሳም።

ጥሩ የጽሑፍ ማስረጃ የሚገኘው ከ1796 ጀምሮ ነው። በዚያ ዓመት አሚሊያ ሲመንስ በሃርትፎርድ፣ ኮነቲከት ያሳተመችው የምግብ መጽሐፍ ለተርኪ ሙሌት አንድ ፓውንድ ለስላሳ የስንዴ ዳቦ፣ ሦስት አውንስ የበሬ ሞራ፣ ሦስት እንቁላል፣ ጥቂት ጦስኝና ማርጆራም፣ ቁንዶ በርበሬና ጨው ያዛል፤ ጥቂት ወይን የሚጨምሩም እንዳሉ ይጠቅሳል። ሙሌቱ ሆድ ውስጥ ከገባ በኋላ ይሰፋል፣ ተርኪው በእሳት ፊት ተንጠልጥሎ በጨውና በውኃ እየተቀባ ይጠበሳል፣ ከደረቱ እንፋሎት ሲወጣ በስሏል ማለት ነው። አማራጭም ተቀምጧል፦ ሦስት ፓይንት ድንች ተቀቅሎ፣ ተፈጭቶ፣ በቅቤ ርሶ በዳቦው ፈንታ ይገባል። ዛሬ ያለ እነሱ ስተፊንግ የማይታሰበው ሽንኩርት፣ ሴለሪና ሴጅ በዳቦው ሙሌት ውስጥ አለመኖራቸው ልብ ይባል። ሽንኩርቱ ተቀቅሎ ከክራንቤሪ ማባያ ጋር በጎን ይቀርባል፤ ሴለሪም ከማባያዎቹ አንዱ ነው። መረቅም አልተጨመረም፤ ዳቦው ያልደረቀ በመሆኑ የሞራው ስብ፣ እንቁላሉና የሥጋው ጭማቂ ይበቁታል።

ፕሬዚዳንት ሊንከን በ1863 ታንክስጊቪንግን ብሔራዊ በዓል አድርጎ አወጀ። በ1867 የቦስተኑ ዊልያም ቤል ሴጅ፣ ሮዝመሪ፣ ጦስኝና ዝንጅብል ያለበትን የተዘጋጀ ቅመም ለገበያ አቀረበ፤ ቅመሙ እስከ ዛሬ በኒው ኢንግላንድ ቤቶች አለ። በ1972 ጄኔራል ፉድስ የተሰኘው የምግብ ኩባንያ ስቶቭ ቶፕ የተባለውን በደቂቃዎች የሚደርስ የሣጥን ስተፊንግ አወጣ። የሐሳቡ ባለቤት የምግብ ባለሙያዋ ሩት ሲምስ ነበረች። የባለቤትነት መብቱ በ1975 ሲመዘገብ ቁም ነገሩ የዳቦው ፍርፋሪ መጠን ነበር፦ ከደቀቀ ውኃ ሲነካው ይላቁጣል፣ ከተለቀ ደግሞ መሐሉ ሳይርስ ይቀራል። በቤት የሚሠራ ሰውም የሚታገለው ከዚሁ ጋር ነው።

ዳቦው

ብዙዎች «የቆየ ዳቦ ተጠቀም» ይላሉ፤ ምክሩ ግማሹን ብቻ ይናገራል። ዳቦ በፌስታል ተጠቅልሎ ሲቆይ የሚጠነክረው ስታርቹ ቅርጹን ስለሚለውጥ ነው፤ ውኃው ግን አብዛኛው እዚያው ነው። ለድሬሲንግ የሚፈለገው ውኃው የወጣለት ዳቦ ነው፣ ቦታውን መረቁ የሚወስደው እንዲህ ሲሆን ነው። ስለዚህ ዳቦው ግማሽ ኢንች ወይም ጥቂት ተለቅ ብሎ በአራት ማዕዘን ይቆረጥና በሰፊ ትሪ ላይ ተዘርግቶ በ275 ዲግሪ ፋራናይት ኦቨን ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይደርቃል፤ መሐል ላይ አንድ ጊዜ ይገለበጣል። ቀለሙ መቀየር የለበትም። ሲሰበር መሐሉ ለመጥ ብሎ ከታጠፈ አልደረሰም፤ ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርሷል።

አንድ 9 በ13 ኢንች ትሪ ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት ሰው ይመግባል። ለዚህም አንድ ፓውንድ ተኩል ነጭ ዳቦ፣ አንድ ስቲክ ተኩል (170 ግራም) ቅቤ፣ ሁለት ትልልቅ ሽንኩርት፣ አራት ዘንግ ሴለሪ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የተከተፈ እርጥብ ሴጅ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ጦስኝ፣ ሦስት ኩባያ መረቅና ሁለት እንቁላል ያስፈልጋል። እርጥብ ሴጅ ከሌለ ሁለት የሻይ ማንኪያ የታሸ ደረቅ ሴጅ ይበቃል፤ የተፈጨው ግን ስለሚበረታ በግማሽ ይቀነሳል። ሴጅ ሲበዛ ድሬሲንጉ ይመራል፣ ማስተካከያም የለውም።

ሽንኩርቱና ሴለሪው በቅቤው ሳይጠቁሩ አሥር ደቂቃ ያህል ይበስላሉ። ይህን ማሳጠር አያዋጣም፤ ቀድሞ ያልለሰለሰ ሴለሪ ኦቨን ውስጥም በደንብ አይለሰልስም፣ ጥርስ ላይ ይንኮሻኮሻል። ተመራጩ መረቅ ከተርኪው አንገት፣ ልብና ጨጓራ የሚወጣው ነው፤ ከሽንኩርትና ካሮት ጋር ሁለት ሰዓት ይንተከተካል። ጉበቱ አብሮ ከተቀቀለ መረቁን ያመርረዋል፤ የሚፈልግ ለብቻው ጠብሶ ከትፎ ይጨምር። የካርቶን መረቅ ከሆነ ጨው የቀነሰው ይሻላል፣ ኦቨን ውስጥ ውኃው ሲተን ጨው ይከማቻልና።

እንቁላሉ ለብ ባለ መረቅ ይመታል፤ መረቁ ከፈላ እንቁላሉ ወዲያው ይረጋና ይበጣጠሳል። ሁሉም ዳቦው ላይ ከፈሰሰ በኋላ በእጅ ከሥር ወደ ላይ እየተገለበጠ ይደባለቃል፣ አይታሽም። አሥር ደቂቃ ቆይቶ ትሪው ሥር መረቅ ካጠራቀመ ጥቂት ዳቦ ይጨመራል፤ መሐሉ ነጭና ደረቅ የሆነ ቁራጭ ከተገኘ ግማሽ ኩባያ መረቅ። ከዚያ በፎይል ተሸፍኖ በ350 ዲግሪ 35 ደቂቃ፣ ፎይሉ ተነስቶ ሌላ 30 ደቂቃ ይጋገራል። ከመጀመሪያው ያለ ፎይል የገባ ላዩ ያርራል፣ ውስጡ ገና ነው።

የደቡብ የበቆሎ ድሬሲንግ

ከሁሉም ዓይነት የላቀው ይህ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በቆሎውን ለሰፋሪዎቹ ያስተማሩት ነባሮቹ ሕዝቦች ናቸው። በባርነት ዘመን ከሚሰፈረው ቀለብ ዋናው የበቆሎ ዱቄት ነበር፤ በጌቶቹም ቤት በራሳቸውም ቤት ያንን ዱቄት ወደ ድግስ ምግብነት ያሳደጉት ጥቁር ወጥ ሠሪዎች ናቸው። በቺካጎና በዲትሮይት ያለው የበቆሎ ድሬሲንግም በ20ኛው ክፍለ ዘመን ከደቡብ በተሰደዱ ጥቁር ቤተሰቦች እጅ የደረሰ ነው።

ዳቦው ከበዓሉ አንድ ወይም ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ይጋገራል። ሁለት ኩባያ ነጭ የበቆሎ ዱቄት፣ አንድ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨውና ቤኪንግ ፓውደር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ፣ ሁለት ኩባያ አሬራና ሁለት እንቁላል ይደባለቃል። አሥር ኢንች የብረት መጥበሻ ሩብ ኩባያ ስብ ተደርጎበት በ450 ዲግሪ ኦቨን ይግላል። ሊጡ ሲገባበት መንጫጫት አለበት፤ ካልተንጫጫ ቡናማው ቅርፊት አይወጣም፣ የድሬሲንጉ ጣዕም ደግሞ ግማሹ ከቅርፊቱ ነው። ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ይበቃዋል። ስኳር አይገባም። በሣጥን የሚሸጠው ጣፋጭ ድብልቅ ድሬሲንጉን ኬክ ያደርገዋል።

በማግስቱ ዳቦው ይፈረፈርና ሦስት ወይም አራት ቁራጭ የደረቀ ነጭ ዳቦ ይታከልበታል፤ የበቆሎ ዳቦ ግሉተን ስለሌለው ብቻውን ተበትኖ ይቀራል። ሽንኩርት፣ ሴለሪ፣ ቃሪያ፣ አራት ኩባያ ያህል የአሮጊት ዶሮ መረቅና ሦስት እንቁላል ይጨመራል። ለጀማሪ የሚያስደነግጠው ርጥበቱ ነው፦ ኦቨን ከመግባቱ በፊት ከገንፎ የቀጠነ ከአጥሚት የወፈረ መሆን አለበት። የበቆሎ ዱቄት እየጋለ ውኃ መጠጣቱን ስለሚቀጥል ትሪው ላይ «ልክ ነው» የሚመስለው ሲወጣ አሸዋ ይሆናል። በ350 ዲግሪ ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይጋገራል፤ ትሪው ሲነቀነቅ ጠርዙ ጸንቶ መሐሉ ትንሽ ብቻ መንቀጥቀጥ አለበት። የተቀቀለ እንቁላል ከትፈው የሚጨምሩ ቤተሰቦችም አሉ።

ሌሎች አካባቢዎች

በኒው ኢንግላንድና በቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ ኦይስተር (ዛጎል ለበስ የባሕር እንስሳ) ይገባል፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ርካሽ ምግብ ነበር። የፔንሲልቬኒያ ደች ፊሊንግ የተፈጨ ድንችና ዳቦ አንድ ላይ ነው። በሚኒሶታ ነባሮቹ የኦጂብዌ ሕዝቦች ከሐይቅ የሚሰበስቡት የዱር ሩዝ፣ በሉዊዚያና ደግሞ ከዶሮ ጉበትና ጨጓራ ጋር የሚሠራው ሩዝ የዳቦውን ቦታ ይይዛሉ።

በሆድ ውስጥ ሲበስል

የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ሙሌቱን በትሪ መጋገርን ይመርጣል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ የጥሬ ተርኪ ደም ዳቦው ውስጥ ይገባል፣ ሳልሞኔላን ለመግደል ደግሞ የሙሌቱ መሐል 165 ዲግሪ ፋራናይት (74 ሴንቲግሬድ) መድረስ አለበት። መሐሉ እዚያ ሲደርስ የተርኪው ደረት ከልኩ አልፎ ደርቋል። በሆድ ውስጥ የበሰለው ይጣፍጣል የሚለው ሙግት ግን ቀላል አይደለም፤ ጭማቂው በእርግጥ ይገባበታል። የሚሞላ ሰው ለአንድ ፓውንድ ተርኪ ከሦስት አራተኛ ኩባያ ሳያስበልጥ፣ ሳይጠቀጥቅ፣ ኦቨን ሊገባ ሲል ይሙላ። ማታ ሞልቶ ፍሪጅ ማሳደር አይገባም፤ ቅዝቃዜው መሐል ድረስ አይደርስም። ኦቨኑም ከ325 ዲግሪ አይውረድ። ሥጋው ቀድሞ ከደረሰ ሙሌቱ በማንኪያ ወጥቶ በትሪ ይጨረሳል።

በኢትዮጵያውያን ቤቶች

በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ፣ በአትላንታ፣ በዳላስና በሲያትል ባሉ የሀበሻ ቤቶች ተርኪው ከዶሮ ወጥ ጎን ሲቀርብ ድሬሲንጉም አብሮ ገብቷል። የመጀመሪያው ማስተካከያ የአሳማ ቋሊማን ማስወጣት ነው። በኦርቶዶክሱም በሙስሊሙም ቤት የበሬ ወይም የተርኪ ቋሊማ ይተካዋል፤ ሙስሊሞች ሐላል መሆኑን ያረጋግጣሉ። ሥጋው የተርኪ ሆኖ ሽፋኑ ከአሳማ አንጀት የሆነ ቋሊማ ስላለ ጽሑፉ ይነበብ። ኦይስተርም በአብዛኛው አይገባም።

ሁለተኛው ጾም ነው። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ይገባል፤ ይህም አብዛኛውን ጊዜ ኖቬምበር 24 ነው። ታንክስጊቪንግ በ1941 በወጣው ሕግ መሠረት የኖቬምበር አራተኛ ሐሙስ ስለሆነ ከ22 እስከ 28 ባለው ይውላል። በ2018 እ.ኤ.አ. (ኖቬምበር 22) ከጾሙ በፊት ነበር፣ በ2024 (28) እና በ2025 (27) ጾሙ ውስጥ ገብቷል። ለጿሚ የሚሠራው ትሪ በ170 ግራም ቅቤ ፈንታ ሁለት ሦስተኛ ኩባያ ዘይት ይወስዳል፤ ቅቤ ውስጥ ውኃ ስላለ ዘይቱ ያንሳል። መረቁ ከደረቅ እንጉዳይ፣ ሽንኩርትና ካሮት ይወጣል፤ አንድ ፓውንድ እርጥብ እንጉዳይ ውኃው ጠፍቶ እስኪቀላ ተጠብሶ ሲገባ ሥጋው አይናፈቅም። በአንድ እንቁላል ፈንታ አንድ የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ በሦስት ማንኪያ ውኃ አሥር ደቂቃ ይዘፈዘፋል። ተልባ እንደ እንቁላል አጥብቆ ስለማይዝ ያለ ፎይል የሚቆይበት ጊዜ በአሥር ደቂቃ ይረዝማል። የሱቅ ዳቦ ወተትና ቅቤ ሊኖረው ይችላል። ድፎ ዳቦ ይህ ችግር የለበትም፣ ጥቅጥቅ ስለሆነ ግን ማድረቂያው ላይ ሃያ ደቂቃ ይጨመርለት።

ጾም ባልሆነበት ዓመት የተነጠረ ቅቤ የሚጠቀሙ አሉ። ውኃው የወጣለት በመሆኑ 140 ግራም ይበቃል፤ ኮረሪማውና በሶብላው ከሴጅ ጋር ስለሚጋፉ ሴጁ በግማሽ ይቀነስ።

የተረፈው

ከኦቨን በወጣ በሁለት ሰዓት ውስጥ ከተርኪው ሆድ ተለይቶ፣ በዝቅተኛ ሳህን ተዘርግቶ ፍሪጅ ይገባል፤ በጥልቅ ድስት ከገባ መሐሉ ለሰዓታት ለብ እንዳለ ይቆያል። ሲሞቅ ጥቂት መረቅ ተረጭቶበት እንደገና 165 ዲግሪ ይደርሳል። ፍሪጅ ውስጥ ከሦስት እስከ አራት ቀን ይቆያልና የሐሙሱ እስከ እሑድ ካልተበላ አርብ ዕለት ፍሪዘር ቢገባ ይሻላል።