ኮምፖዚት ምንድን ነው? ካርቦን ማለት እኮ አይደለም

በሪሞት ስለሚነዱ የእሽቅድምድም ጀልባዎች በተወራ ቁጥር አንዱ ይመጣና «የኔ ጀልባ ቀፎ ኮምፖዚት ነው፣ ሙሉ ካርቦን፣ ስለዚህ ቀላል ነው» ይላል፣ ሌላው ደግሞ «እኔ በፋይበርግላስ ነው የሰራሁት፣ ለኮምፖዚት አቅም የለኝም» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም ተሳስተዋል። ፋይበርግላስም (የመስታወት ክር ከሚጠነክር ሙጫ ጋር) ኮምፖዚት ነው፣ ካርቦኑም ስሙ ብቻ ቀፎውን አያቀልለትም። ዝም ብዬ ላልፈው ነበር፣ ግን ሰሞኑን አንድ አስተያየት ሰጪ «ድሪምላይነር አውሮፕላን እንኳን በካርቦን ነው የሚሰራው፣ ክርክሩ አለቀ» ሲል አየሁና መጻፍ አለብኝ አልኩ፣ ምክንያቱም ይሄን አምኖ ያጠራቀማትን ብር ካርቦን ላይ የሚያፈስ ልጅ ይኖራል።

ኮምፖዚት የሚባለው ሁለት የማይመሳሰሉ ነገሮች እርስ በርስ ሳይሟሙ ተያይዘው አንዱ የሌላውን ድክመት ሲሸፍን ነው። ክሩ (መስታወትም ካርቦንም ጥይት መከላከያ ልብስ የሚሰራበት ኬቭላርም ይሁን) ሲጎተት ይችላል፣ ሬዚኑ (ፈሳሽ ሆኖ ተቀብቶ የሚጠነክረው ሙጫ) ደግሞ ክሩን ቦታው ላይ ይይዝና ጭነቱን ከአንዱ ክር ወደሌላው ያደርሳል። ከሱቅ የምትገዙት ጨርቅና ፈሳሽ ነው፣ ኮምፖዚቱ የሚፈጠረው እናንተ እጅ ላይ፣ ሞልዱ (ቅርጽ ማውጫው) ውስጥ ነው። ስለ ሞልድ አሰራርና ስለ ሰም አቀባብ አላወራም፣ እሱን ሁሉም ያውቀዋል።

የጭቃ ቤት ሲመረግ አይታችኋል። ጭቃ ብቻውን ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ጭድ ብቻውን ንፋስ ይወስደዋል፣ አብረው ሲቦኩ ግን ስንት ክረምት ይችላሉ። ሬዚኑ ጭቃው ነው፣ ክሩ ጭዱ። ጥሩ መራጊ ጭቃ ማብዛት ግድግዳውን እንደሚያከብደውና እንደሚያሰነጥቀው እንጂ እንደማያጠነክረው ያውቃል፣ ጭዱ በዝቶ ጭቃው ካነሰ ደግሞ ሲነካ ይረግፋል። እኛ ጋ ግን ሬዚን ሲተርፍ «ይጠንክር» ተብሎ ሁሉም ላዩ ላይ ይደፋል። ያ የተደፋው ሬዚን ምንም ጭነት አይሸከምም፣ ክብደት ብቻ ነው።

በቁጥር እንየው። የቀፎው ስፋት 0.4 ካሬ ሜትር ነው እንበል፣ በካሬ ሜትር 200 ግራም የሚመዝን የካርቦን ጨርቅ ሁለት ንብርብር አነጠፋችሁ፣ ክሩ ብቻውን 160 ግራም ነው። ሬዚኑን ከክሩ ጋር እኩል ካደረጋችሁት (ተጠንቅቆ በእጅ ለሚሰራ ሰው ይሄ ጥሩ ውጤት ነው) ቀፎው 320 ግራም ይወጣል። በብሩሽ እያጠገባችሁ የክሩን እጥፍ ሬዚን ከተዋችሁበት ግን 480 ግራም ነው። አሁን ያው 200 ግራም ጨርቅ የመስታወት ይሁን፣ ንብርብሩም ሁለት፣ ሬዚኑም በልክ፣ ውጤቱ 320 ግራም። ማለትም በልክ የተሰራው ፋይበርግላስ ሬዚን ከጠገበው ካርቦን 160 ግራም ይቀላል። ስለዚህ «ካርቦን ነው» ላለኝ ሰው የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ጨርቁን ሳታነጥፈው መዘንከው? ቀፎው ከሞልዱ ሲወጣስ መዘንከው? እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ያልያዘ ሰው ምን እንደሰራ አያውቅም።

«ካርቦን ግን ይጠነክራል» ይባላል ወዲያው። እዚህ ላይ ነው ሁለት ነገር የሚደባለቀው። ተራ የመስታወት ክርና የተለመደው የካርቦን ክር እስኪበጠሱ ድረስ የሚችሉት ጉተታ ብዙም አይራራቅም፣ ሁለቱም ከ3,000 ሜጋፓስካል በላይ ናቸው። የሚለያዩት በግትርነት ነው፣ ማለትም በእኩል ጉተታ ምን ያህል ይለጠጣሉ በሚለው፣ መስታወቱ 72 ጊጋፓስካል አካባቢ ሲሆን ካርቦኑ 230 ይደርሳል። ካርቦን የሚገዛው ለዚህ ግትርነት ነው። ጀልባው በፍጥነት ሲሄድ ስሩ እንዳይረገብ ትፈልጋላችሁ፣ እሱ ትክክል ነው፣ ግን ግትርነትን በርካሽ የሚሰጣችሁ ሌላ ነገር አለ፣ እሱም ውፍረት። ውፍረት እጥፍ ሲሆን ለመታጠፍ ያለው እምቢታ ስምንት እጥፍ ይሆናል። እያንዳንዳቸው 0.3 ሚሊሜትር የሆኑ ሁለት የመስታወት ንብርብሮችን አጣብቆ ከመተው መሀላቸው 2 ሚሊሜትር ፎም ብታስገቡ ግትርነቱ በስሌት ከ40 ጊዜ በላይ ይጨምራል፣ ፎሙ ደግሞ (በኪዩቢክ ሜትር 60 ኪሎ የሚመዝነው ዓይነት) ለሙሉ ቀፎው ወደ 50 ግራም ነው። ሳንድዊች የሚባለው ይሄ ነው። ጭቃው ብቻውን ግድግዳውን እንደማያቆመው፣ መሀሉ እንጨትና ማገር እንዳለው ማለት ነው። ብቻ ቀጭን ቆዳ ያለው ሳንድዊች ድንጋይ ሲመታው ይሰረጉዳል፣ ስለዚህ አፍንጫው ላይ ኬቭላር መጨመር አይከፋም፣ ኬቭላር ግን ሲጨመቅ ደካማ ነው፣ በብርጭቆ ወረቀት ሲፈተግም ክሩ ይንጨባረራል እንጂ አይለሰልስም፣ ውጭኛው ንብርብር ላይ አታድርጉት።

የጭቃው ምሳሌ አንድ ቦታ ላይ ግን ያቆማል። ጭድ አጭር ነው፣ በየአቅጣጫው የተበተነ ነው፣ የኛ ጨርቅ ግን አቅጣጫ አለው። ክሩ በተዘረጋበት መንገድ ብቻ ነው ሙሉ ጉልበቱን የሚሰጠው። ሞተሩ ቀፎውን መጠምዘዝ ስለሚፈልግ ቢያንስ አንዱን ንብርብር በ45 ዲግሪ አዙራችሁ አንጥፉት። እንደ ጭድ የተበተነው ማት የሚባለው ነው፣ ለውሃ ታንከር ጥሩ ነው፣ ሬዚን ግን በጣም ይጠጣል፣ ብዙው ማት ደግሞ የተያያዘበት ሙጫ እንዲሟሟ የታሰበው ፖሊስተር በሚባለው ሬዚን ውስጥ ባለው ስታይሪን በሚባል ኬሚካል ስለሆነ ኤፖክሲ በሚባለው ሌላው ሬዚን ጥሩ አይርስም።

ወደ ድሪምላይነሩ ልመለስ። አዎ፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ2012 እንደ ፈረንጆቹ ከአፍሪካ የመጀመሪያውን ተረክቧል፣ ከአውሮፕላኑ ክብደት ግማሽ ያህሉም ኮምፖዚት ነው። ግን የዚያ ካርቦን ሬዚን በፋብሪካ ተለክቶ ጨርቁ ውስጥ ገብቶ ነው የሚመጣው፣ ዋና ዋናው ክፍል ደግሞ ኦቶክሌቭ በሚባል የግፊት ምድጃ ውስጥ በብዙ እጥፍ የከባቢ አየር ግፊትና ወደ 180 ዲግሪ ሙቀት ነው የሚበስለው። እሱን ቀላል ያደረገው ጨርቁ ከዚህ ሂደት ጋር ነው። ቤት ውስጥ ወደዚያ የሚያስጠጋን የቫኪዩም ከረጢት (አየሩ በፓምፕ የሚመጠጥበት) ነው፣ ትርፉን ሬዚን ጨምቆ ያወጣል፣ ጨርቁን ከሞልዱ ጋር ያጣብቃል። የሚጫነው የውጭ አየር እንደመሆኑ አዲስ አበባ ከፍታ ላይ የሚገኘው ግፊት ከባህር ጠለሉ በሩብ ያህል ያንሳል፣ ከባህር ዳርቻ የሚጻፉ መመሪያዎች ይሄን አያነሱም። ከልክ በላይ ከተጨመቀ ደግሞ ጥቃቅን ቀዳዳ ይቀርና ውሃ ያስገባል።

ሳልጠየቅ የምጨምራቸው አሉ። ኤፖክሲ ላይ «ቶሎ ይድረቅ» ብላችሁ ሃርድነር (ማጠንከሪያውን) አታብዙ፣ የፖሊስተሩ ካታሊስት (ማድረቂያው) ትንሽ ከፍ ዝቅ ማለት ይችላል፣ ኤፖክሲ ግን ሬሾው ከተዛባ ለዘላለም ለስላሳ ሆኖ ይቀራል፣ በሚዛን ለኩ። ያለ ሙቀት የደረቀ ኤፖክሲ ብዙ ጊዜ ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ላይ መለስለስ ይጀምራል፣ ጥቁር ቀፎ ፀሐይ ላይ፣ በተለይ ዱባይና ኩዌት ላላችሁ፣ እዚያ ለመድረስ ጊዜ አይፈጅበትም። ካርቦን ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፣ ስለዚህ ሪሲቨሩን (ሲግናል ተቀባዩን) ከነአንቴናው ካርቦን ቀፎ ውስጥ ከዘጋችሁበት የ2.4 ጊጋኸርትዝ ሲግናሉ ይታፈናል፣ ጀልባው መሀል ውሃ ላይ ትእዛዝ መስማት ያቆማል፣ አንቴናውን ወደ ውጭ አውጡት ወይ ክዳኑን በመስታወት ስሩት። አሉሚኒየም ከካርቦን ጋር ተነካክቶ ውሃ ውስጥ ከዋለ አሉሚኒየሙ ይበላል፣ መሀላቸው አንድ ንብርብር መስታወት ይግባ። የሸራ ጀልባ ወዳዶች ደግሞ ሕጉን አንብቡ፣ በዓለም ላይ በስፋት የሚወዳደሩበት የአንድ ሜትር ክፍል፣ አይኦኤም፣ ካርቦን ለኪሉ (ከስር ለሚንጠለጠለው ሚዛን ጠባቂ ክንፍ) እና ለመሪው እንጂ ለቀፎው አይፈቅድም፣ ያለ ሸራና ምሰሶው ዝቅተኛው ክብደት ደግሞ 4 ኪሎ ነው። እዚያ ብዙው ሰው በመስታወት ቀፎ ነው የሚወዳደረው፣ ልዩነቱ የሚመጣው ከቀፎ የቆጠቡትን ግራም ከታች ያለው የእርሳስ ብረት ላይ እስከተፈቀደው ልክ ከማዋል ነው።

ስትቆርጡና ስትፈትጉ ጭምብል አድርጉ፣ ብናኙን በውሃ እያራሳችሁ ፈትጉ፣ ኤፖክሲ በባዶ እጅ አትንኩ፣ ቆዳ አንዴ አለርጂ ከያዘው አይለቅም።